ግማሹ አርትዖት፣ ግማሹ ዘገባ፦ የማኔጂንግ ኤዲተርነት ሥራ ለቀረበላቸው ጋዜጠኛ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በጋዜጣና በሬዲዮ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ አንድ የአካባቢ ዜና ድርጅት በማኔጂንግ ኤዲተርነት ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። እኔን ጨምሮ ስድስት ሰው ይሆናል፦ ዋና ዳይሬክተር፣ ሦስት ሪፖርተሮች፣ አንድ ገንዘብ አሰባሳቢ። ግማሽ ጊዜዬን በአመራር፣ ግማሹን ደግሞ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤትንና የቤት ኪራይን በመዘገብ አሳልፋለሁ ተብያለሁ። ደመወዙ በዓመት 74,000 ዶላር ነው። የድርጅቱ ዓመታዊ ወጪ 600,000 ዶላር ገደማ ሲሆን 60 በመቶው ከአንድ ፋውንዴሽን ይመጣል፤ ስምምነቱ ሊያልቅ 14 ወር ቀርቶታል። የቦርዱ ሰብሳቢ መተዳደሪያ ሪል እስቴት ነው። ልቀበል? ከመቀበሌ በፊትስ ምን ልጠይቅ?»

ሥራው ሊስማማዎት ይችላል፤ በቀረበልዎት መልክ ግን አይፈርሙ። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት «ግማሽ በግማሽ» የሚለው ሐረግ ነው። ስድስት ሰው ባለበት ቤት አመራር ግማሽ ጊዜ ስለተሰጠው አርፎ አይቀመጥም፤ የዘገባውን ጊዜ እየሸረሸረ ይበላዋል። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርተር መሆንዎን የሚያስታውስዎት የቢዝነስ ካርድዎ ብቻ ይሆናል።

እስቲ ሰዓቱን እንደምረው። ሦስቱ ሪፖርተሮች በሳምንት ሁለት ሁለት ዘገባ ቢያቀርቡ ስድስት ነው። ስምንት መቶ ቃል ያህል ርዝመት ያለው ዘገባ በወጉ ሲታረም ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፦ ሪፖርተሩ ሳይጽፍ በፊት የግማሽ ሰዓት ንግግር፣ የአንድ ሰዓት የመጀመሪያ አርትዖት፣ ሁለተኛ ንባብና ስም፣ ቁጥርና ሊንክ ማጣራት አርባ አምስት ደቂቃ፣ ርዕስና የፎቶ መግለጫ አሥራ አምስት ደቂቃ። ይህ ብቻውን 15 ሰዓት ነው። የየዕለቱ የጠዋት ውይይት፣ ከእያንዳንዱ ሪፖርተር ጋር በሳምንት የግማሽ ሰዓት የብቻ ንግግር፣ የዕቅድ ስብሰባና ከዳይሬክተሩ ጋር የሚደረገው አንድ ሰዓት ሲደመሩ አምስት ሰዓት ይጠጋሉ። በኢሜይል የሚላከው ኒውስሌተር ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። የለጋሽ ሪፖርት፣ የፍሪላንሰር ክፍያ፣ የድረ ገጽ ብልሽት፣ የተቆጣ አንባቢ ስልክ ደግሞ አራት ሰዓት ካልኩ ቀንሼ ነው። ድምሩ 27 ሰዓት ሆነ። ከ40 ላይ የሚቀረው 13 ነው፤ ያውም ማንም ካልታመመና ሰበር ዜና ካልመጣ። የቀረበልዎት ሥራ እንግዲህ ሲሶው ዘገባ የሆነ የአርትዖት ሥራ ነው፤ በዚሁ ስሙ ይጠራ።

በ13 ሰዓት ዕለታዊ ዜና አይሠራም። የዕለት ዜና የሚይዝ አርታኢ ራሱ ማነቆ ይሆናል፤ እሱ ምክር ቤት ተቀምጦ ሳለ ሦስት ረቂቅ ይጠብቀዋል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በመደበኛነት ማክሰኞ ማክሰኞ ሮክቪል ውስጥ ይሰበሰባል፤ ማክሰኞ ደግሞ የእርስዎ አርትዖት የሚበዛበት ቀን መሆኑ አይቀርም። አዳራሹን ለአንዱ ሪፖርተር ይተዉለት። እርስዎ አስቀድሞ የሚለጠፈውን የስብሰባ ጥራዝ ያንብቡ፤ የባለሙያዎቹ ትንታኔ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ዜናውም ብዙ ጊዜ ከንግግሩ ይልቅ እዚያ ይገኛል። ለራስዎ ቀን የማይቆርጥበትን፣ በሰነድ ላይ የቆመውን ዘገባ ይያዙ፦ በሁለት ሳምንት አንድ መካከለኛ ወይም በሩብ ዓመት አንድ ትልቅ ምርመራ። የረቡዕ ከሰዓትና የሐሙስ ሙሉ ቀን የዘገባ ጊዜዎ እንደሆነ፣ በዚያን ጊዜ አርትዖቱን ማን እንደሚይዝ በስም ተጠቅሶ በቅጥር ደብዳቤው ወይም በተያያዘ ገጽ ላይ ይጻፍ። ያልተጻፈ የዘገባ ቀን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይጠፋል።

ዓመቱም ሳምንቱን ይመስላል። የካውንቲው አስፈጻሚ በጀቱን እስከ ማርች 15 ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ እስከ ጁን 1 ማጽደቅ አለበት፣ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ መጨረሻ ሪፖርተሮችዎ በበጀት ይጠመዳሉ፣ እርስዎም በእነሱ ረቂቅ። ከኖቬምበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 ደግሞ የነንፕሮፊት ዜና ድርጅቶች ማኅበር፣ በምህጻሩ አይኤንኤን፣ የሚመራው ኒውስማች የተባለ አገር አቀፍ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻ አለ። ድርጅቱ የሚሳተፍ ከሆነ በእነዚህ ሁለት ወራት «አንባቢዎቻችን ሆይ» የሚለውን ደብዳቤ የሚጽፈው ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ብዕር ያለው ሰው ላይ ይወድቃል። ትልቅ ምርመራ ካሰቡ ከጃንዋሪ እስከ ማርች መጀመሪያ ወይም ከጁን እስከ ኦክቶበር ያቅዱት። ይህን ያላየ ዕቅድ ያለ ማንም ጥፋት ይከሽፋል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የሚነግሩዎትን ከመስማትዎ በፊት ፎርም 990ን ያንብቡ። ይህ ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት በየዓመቱ ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ለአይአርኤስ የሚያስገባው ሰነድ ነው። ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ድርጅቱ የቅርብ ሦስት ዓመቱን ለጠየቀው ሁሉ የማሳየት ግዴታ አለበት፤ የምርመራ ዜና ድርጅቱ ፕሮፐብሊካ ባዘጋጀው ነንፕሮፊት ኤክስፕሎረር ላይም ስሙን ጽፈው በነፃ ያገኙታል። ሁሉንም ገጽ ማንበብ አያስፈልግም። ክፍል 10 ላይ መስመር 27 እና 28ን ይመልከቱ። የመጀመሪያው መስመር ለጋሽ ገደብ ያላደረገበት፣ ሁለተኛው ለተወሰነ ጉዳይ ወይም ጊዜ ብቻ የተሰጠ ሀብት ነው። ዳይሬክተሩ «400,000 ዶላር አለን» ቢሉዎትና ከዚያ ውስጥ 250,000ው ገደብ ያለበት ቢሆን፣ ለደመወዝ እንደ ልብ የሚወጣው 150,000 ብቻ ነው። የወር ወጪያቸው 50,000 ስለሆነ ይህ የሦስት ወር ስንቅ ነው። ከሦስት ወር በታች ከሆነ ያስቡበት፤ ስድስት ወር ካላቸው በደንብ ተይዟል ማለት ነው።

እዚያው ሰነድ ላይ ክፍል 7 የኃላፊዎቹን ክፍያ ያሳያል፤ የራስዎን ደመወዝ ለመደራደር ይጠቅምዎታል። ክፍል 6 የጥቅም ግጭት ፖሊሲ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለውን ይመልሳል። «የለም» ብለው ከሞሉ ስለ ቦርዱ ሰብሳቢ የሚያደርጉት ንግግር ገና ከዚያ ይጀምራል።

አንድ ፋውንዴሽን 60 በመቶ መሸፈኑ አደጋ የሚሆነው ፋውንዴሽኑ ሲሄድ ብቻ አይደለም። ድርጅቱ በግብር ሕጉ የሕዝብ በጎ አድራጎት የሚባለውን ደረጃ ለመጠበቅ ከአምስት ዓመት ድጋፍ ቢያንስ ሲሶው ከሰፊው ሕዝብ መምጣት አለበት፤ ከአንድ የግል ለጋሽ የመጣ ገንዘብ ደግሞ ከጠቅላላው ድጋፍ 2 በመቶ ድረስ ብቻ እንደ ሕዝብ ድጋፍ ይቆጠራል። በአምስት ዓመት 3,000,000 ዶላር ሰበሰቡ እንበል። ከፋውንዴሽኑ የሚቆጠርላቸው 60,000 ብቻ ነው። የቀረው 40 በመቶ፣ ማለትም 1,200,000ው፣ ከብዙ ትናንሽ ለጋሾች የመጣ ከሆነ 42 በመቶ ይሆንና ያልፋሉ። የፋውንዴሽኑ ድርሻ ወደ 75 በመቶ ቢወጣ ግን ስሌቱ 27 በመቶ ላይ ይወርዳል። ያኔ እስከ 10 በመቶ የሚፈቅደውን ሁለተኛውን መለኪያ ለማሟላት ማስረዳት ይጀመራል። ዳይሬክተሩ የ20 ዶላር ወርኃዊ አባላትን አጥብቀው የሚያሳድዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

990 ግን የኋላ መስታወት ነው፤ ዓመት ከዚያም በላይ ይዘገያል። የመጪውን 12 ወር የገንዘብ ፍሰት በሦስት ዓምድ ተከፍሎ ለማየት ይጠይቁ፦ የተፈረመ፣ በቃል የተባለ፣ የሚታሰብ። ሦስቱን ደምረው አንድ ቁጥር የሚነግርዎት ሰው ወይ አያውቅም ወይ አይናገርም። ሂውስተን ላንዲንግ የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ የቴክሳስ ዜና ድርጅት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ጀምሮ በሜይ 2025 ተዘጋ፤ ከመነሻው ለጋሾች ቀጥሎ የሚተካ ገቢ በበቂ አልመጣለትም ነበር። ትልቅ መነሻ ዕድሜ አይገዛም። በእርስዎ ጉዳይ ዋናው ጥያቄ ፋውንዴሽኑ የማደስ ውሳኔውን የሚያሳውቀው መቼ ነው የሚለው ነው፤ ግማሹን ብቻ ቢያድስ ማን ይቀነሳል የሚለውም አብሮ ይጠየቅ። የእርስዎ ደመወዝ ከየትኛው ፈንድ እንደሚከፈልም ይጠይቁ። ከሪፖርተሮቹ አንዱ ሪፖርተሮችን ለአካባቢ ዜና ክፍሎች መድቦ የደመወዛቸውን ከፊል በሚከፍል እንደ ሪፖርት ፎር አሜሪካ ባለ ፕሮግራም የመጣ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የሚከፍለው የደመወዝ ድርሻ በየዓመቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ያስታውሱ። ቀዳዳው የሚታየው በሁለተኛው ዓመት ነው።

የግራንት ስምምነቱን ራሱንም ለማንበብ ይጠይቁ። ማጠቃለያውን ሳይሆን «የሚቀርቡ ውጤቶች» የሚለውን ገጽ። «በዓመት 40 የቤት ጉዳይ ዘገባዎች» ተብሎ ቃል ተገብቶ ከሆነ ያ ቁጥር የእርስዎ የሥራ መርሐ ግብር ነው፤ ሌላ ርዕስ ሲነሣ እየጎተተ ወደዚያ ይመልስዎታል። ለጋሹ ርዕሰ ጉዳይ ሊመርጥ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ዘገባ፣ ምንጭ ወይም መደምደሚያ መምረጥና ሳይታተም ማየት ግን አይችልም። ይህ ዓረፍተ ነገር በስምምነቱ ውስጥ ከሌለ በሚቀጥለው እድሳት ይግባ። አይኤንኤን አባላቱ በዓመት 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚሰጡትን ሁሉ በስም እንዲያሳውቁ ይጠይቃል፤ የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ይህ ዝርዝር አለ ወይ?

የቦርዱ ሰብሳቢ ጉዳይ የሚያስፈራውን ያህል የከበደ አይደለም፤ ካልተጻፈ ግን ይከብዳል። በትንሽ ከተማ ቦርድ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ገንዘብና ሥራ ያላቸው ስለሆኑ ከሚዘገብባቸው ነገር ጋር መነካካታቸው አይቀርም። የሚያስፈልጉዎት አራት ነገሮች ናቸው፦ ሰብሳቢው ያሏቸውን ሕንፃዎችና ኩባንያዎች በየዓመቱ በጽሑፍ ማሳወቃቸው፣ ቦርዱ ዘገባ ሳይወጣ እንደማያይ የሚል ፖሊሲ፣ ቅሬታ ካላቸው ከታተመ በኋላ እንደማንኛውም አንባቢ በጽሑፍ የሚያቀርቡበት መንገድ፣ የእርስዎን ቅጥርና ስንብት ዳይሬክተሩ እንጂ ሰብሳቢው ብቻቸውን እንደማይወስኑ የሚገልጽ መስመር። ሰብሳቢው በዘገባ ውስጥ ከመጡ ደግሞ ሦስተኛው አንቀጽ ሳያልፍ እንዲህ ይጻፋል፦ «እኚህ ግለሰብ የዚህ ዜና ድርጅት የቦርድ ሰብሳቢ ናቸው፤ በዚህ ዘገባ ዝግጅት ምንም ድርሻ አልነበራቸውም።» ግርጌ ላይ መቅበር አይሠራም። አንባቢው ራሱ ሲያገኘው የተደበቀ ይመስለዋል።

ማዕረጉን በተመለከተ አንድ ልዩነት ልብ ይበሉ። በአገር ቤት «ዋና አዘጋጅ» ስሙ በጋዜጣው ላይ የሚታተም፣ ሕግ ፊትም የሚጠየቅ ሰው ነው። እዚህ «ማኔጂንግ ኤዲተር» የሕግ ማዕረግ አይደለም፤ በአንዱ ቤት ሁለተኛ ሰው፣ በሌላው የመጨረሻ ወሳኝ፣ በሦስተኛው ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ጠባቂ ነው። ስለዚህ «ይታተም፣ አይታተም የሚለው የመጨረሻ ቃል የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ዳይሬክተሩ ገንዘብ ለማኝም የመጨረሻ አርታኢም ከሆኑ፣ ማክሰኞ ቡና ያጠጡትን ለጋሽ የሚነካ ዘገባ ሐሙስ ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጣል። ሰውየው ሐቀኛ ቢሆኑም አቀማመጡ መጥፎ ነው። ዳይሬክተሩ ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ ከሆኑ ሌላም ችግር ይመጣል፤ ሪፖርተሮቹ እርስዎን ዘለው ወደሳቸው መሄድ ለምደዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ዳይሬክተሩ ራሳቸው «ዘገባ ነክ ነገር ሁሉ ወደ ማኔጂንግ ኤዲተሩ» ብለው በኢሜይል ካላሳወቁ በእርስዎ አንደበት የሚስተካከል አይደለም።

ከአዲስ አበባ ይዘውት የሚመጡት ልማድ ውስጥ አንዱ በግልጽ መቆረጥ አለበት፤ ውሎ አበል። የስብሰባ ጠሪ ትራንስፖርት መክፈል ቀርቶ ምሳ መጋበዙም እዚህ አይወሰድም፤ ቡናውንም ራስዎ ይከፍላሉ፣ ደረሰኙን ለድርጅቱ ያቀርባሉ።

501(ሲ)(3) የሚባለው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የግብር ደረጃ በዘገባ ላይ የሚጥለው ፍጹም ክልከላ አንድ ነው፦ ለምርጫ እጩ መወገን ወይም እጩን መቃወም። ይህ ከ1954 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። ስለ እጩዎች መዘገብ፣ የገንዘብ ምንጫቸውን መመርመር፣ የመራጮች መመሪያ ማውጣት ይቻላል፤ «እገሌን ምረጡ» የሚል ርእሰ አንቀጽ ግን የለም። ስህተት የሚፈጠረው በመራጮች መመሪያ ላይ ነው። ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ፣ ተመሳሳይ የቃል ገደብ፣ ተመሳሳይ ቀን ይስጡ፤ ገደቡን ያለፈ መልስ እንዴት እንደሚቆረጥ ጥያቄውን ሲልኩ አብረው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የአንዱን ሰዋስው አስተካክሎ የሌላውን መተው እንኳ ያጣላል። ሕግ እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ አንባቢን መቀስቀስም ገደብ አለበት፤ ስለ ኪራይ ሕግ የአቋም ጽሑፍ ለማውጣት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጠበቃ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዘገባው። የሜሪላንድ ሕግ ከዲሲና ከቨርጂኒያ የሚለይበት አንድ ቦታ ሰው ያስራል፤ የግል ንግግርን ወይም ስልክን ለመቅዳት የሁሉም ተነጋጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብለው ዲሲ ላለ ሰው ሲደውሉም «እየቀዳሁ ነው፣ ይፈቅዳሉ?» ብለው መልሱን ጭምር ይቅዱ። ምንጭን በመጠበቅ ረገድ ግን ሜሪላንድ ጥሩ አገር ናት፤ የጋዜጠኛን ምንጭ የሚከላከል ሕግ በ1896 ያወጣች የመጀመሪያዋ ግዛት ነች። የስም ማጥፋት ክስ የሚቀርበው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ማስታወሻና ቅጂ የሚቆይበትን ጊዜ በፖሊሲ ይወስኑ፤ ክስ ከመጣ በኋላ ማጥፋት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ድርጅቱ የሚዲያ ተጠያቂነት ኢንሹራንስ እንዳለውና ከራሱ ኪስ የሚከፍለው የመጀመሪያው መጠን ስንት እንደሆነ ሳይጠይቁ አይፈርሙ። ለጋዜጠኞች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጠው ሪፖርተርስ ኮሚቲ ስልክ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው።

ሰነድ ሲጠይቁ የሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ መሥሪያ ቤቱን በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዘዋል፤ ከ10 የሥራ ቀን በላይ የሚፈጅበት ከሆነም በዚያው 10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ፍለጋ ነፃ ነው። «ስለ ኪራይ የተጻፈ ኢሜይል ሁሉ» ብለው ከጠየቁ የብዙ መቶ ዶላር ሒሳብ ይመጣልዎታል። የሁለት ባለሥልጣናት ስም፣ የሦስት ወር ጊዜና ሁለት ቁልፍ ቃላት ቢጽፉ ግን ብዙ ጊዜ በነፃው ሰዓት ያልቃል። ሳይጠይቁ የሚገኘውን አስቀድመው ይጨርሱ፦ የካውንቲው የዳታ ድረ ገጽ ላይ የቤት ደንብ ጥሰት መዝገብ አለ፣ የግዛቱ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት የሕንፃውን ባለቤት፣ የሽያጭ ዋጋና የተሠራበትን ዓመት ያሳያል፣ ኬዝ ሰርች የተባለው የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ የፍርድ ቤት መዝገብ ያወጣል። የእኛን ሰዎች ስም ሲፈልጉ ግን ይጠንቀቁ። አንድ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ አምስት ዓይነት ይጻፋል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚገባም ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች አንድ ሆነው ይታያሉ። በአድራሻ ወይም በልደት ቀን ሳያመሳክሩ አይጻፍ።

የኪራይ ሕጉ ላይ የሚሠራው ዋና ስህተት «ሕገ ወጥ ጭማሪ» ብሎ መቸኮል ነው። ምክር ቤቱ በጁላይ 2023 ያጸደቀው ሕግ ዓመታዊ ጭማሪን በዋጋ ግሽበት ላይ 3 በመቶ ጨምሮ፣ ቢበዛ ግን በ6 በመቶ ይገድባል። 1,800 ዶላር የነበረ ኪራይ ከ1,908 ማለፍ የለበትም። ተከራይዋ 2,050 የሚል ደብዳቤ ቢያሳዩዎት ገና ዜና አይደለም፤ 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ነፃ ስለሆነ የተሠራበትን ዓመት ያጣሩ፣ ጭማሪው ኪራይ ብቻ ይሁን ወይስ ሌላ ክፍያም ገብቶበት እንደሆነ ውሉን ይዩ። ከዚያ ለባለቤቱ የሚከሱበትን ነጥብ ሁሉ በጽሑፍ ይላኩ፤ ለመካከለኛ ዘገባ 48 ሰዓት፣ ለትልቅ ምርመራ አምስት የሥራ ቀን ይስጡ። አርብ ማታ ልኮ ሰኞ ጠዋት «ምላሽ አልሰጡም» ማለት በፍርድ ቤትም በአንባቢም ፊት ያሳፍራል።

አማርኛ ማወቅዎ ትልቅ ሀብት ነው፤ አደጋውም እዚያው አለ። ተከራይዋ ስለ ቤቱ ሲጠየቁ «አይ፣ ተመስገን ነው» ካሉ በእንግሊዝኛ «ደስተኛ ነኝ» ተብሎ ከወጣ ዘገባው ውሸት ሆነ። «ምን ይደረጋል» ደግሞ ከቅሬታ እስከ እምቢታ ሊሆን ይችላል። መልሰው «እንዴት ማለትዎ ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ ግልጹን ይጥቀሱ። ከአማርኛ የተተረጎመ ጥቅስ እንደተተረጎመ ይገለጽ፣ ቅጂው ይቀመጥ፣ ክስ ሊያስነሣ የሚችለውን ጥቅስ ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ያዳምጠው። ለዚህ በሰዓት የሚከፈለው ሰው በጀት ይያዝ፤ ዘመድ በነፃ አይጠየቅም። የዕድርዎ፣ የደብርዎ ወይም የማኅበርዎ ሰዎች የዘገባው ባለጉዳይ ከሆኑ ደግሞ ጽሑፉ ለሌላ ሪፖርተር ይሰጥ፣ አርትዖቱም ከእጅዎ ይውጣ። ስልክ ቁጥር መስጠት ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ አይግቡ።

የራስዎን ዘገባ ማን ያርማል? ይህ ጥያቄ መልስ ከሌለው ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ሪፖርተሮቹ አለቃቸውን አጥብቀው አያርሙም፤ «ጥሩ ነው» ብለው ይመልሱልዎታል። ዳይሬክተሩ የጋዜጠኝነት ልምድ ካላቸው እሳቸው፣ ካልሆነ ግን የውጭ አርታኢ ይቀጠር፤ በወር 10 ሰዓት፣ በሰዓት 60 ዶላር ቢሰላ በዓመት 7,200 ዶላር ነው። ከ600,000 ላይ ይህ አይገኝም ከተባሉ የዘገባው ክፍል በእውነት እንዳልታሰበበት ይወቁ።

አመራሩ ላይ የሚያዳክምዎት ይሉኝታ ነው። ደካማ ረቂቅ ሲመጣ ሪፖርተሩን ላለማስቀየም ሌሊት ቁጭ ብሎ በራስ እጅ እንደገና መጻፍ በእኛ ዘንድ ደግነት ይመስላል። ሪፖርተሩ ግን አይማርም፣ የእርስዎ 13 ሰዓትም እዚያ ያልቃል። ሁለት ዙር በጽሑፍ አስተያየት ይመልሱ፤ ሦስተኛ ዙር ካስፈለገ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይነጋገሩ። ችግሩ ከተደጋገመ በየሳምንቱ የብቻ ንግግር ላይ ቀንና ምሳሌ ጠቅሰው ይናገሩ፣ የዚያኑ ዕለት አጭር ማስታወሻ ይላኩለት። ሰው ማሰናበት የሚመጣበት ቀን ቢኖር ያ ማስታወሻ ይፈለጋል። እርምት ሲያስፈልግም የራስዎን ስህተት እንደሌላው በተመሳሳይ ቦታና ፍጥነት ያውጡ።

ስለ ደመወዙ ጥቂት ነጥቦች። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1፣ 2024 ጀምሮ የሥራ ማስታወቂያ የክፍያ ክልል እንዲጠቅስ ያስገድዳል፤ 74,000ው ከክልሉ የት ላይ እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለትና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ስለሚመሩ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ መሆንዎ አይቀርም፤ የማታ ስብሰባ የሚካካስበት ዕረፍት በጽሑፍ ይኑር። ሪፖርተሮቹ ግን ሌላ ናቸው፤ ሥራቸው መደበኛና ለሕዝብ የታወቀ መረጃ መሰብሰብ ብቻ ከሆነ የትርፍ ሰዓት መብት ሊኖራቸው ስለሚችል እንዴት እንደተመደቡ ይዩ። ሪፖርተሮቹ በሠራተኛ ማኅበር ከተደራጁ እርስዎ አባል ሳይሆኑ በአለቃው ወገን ይቆጠራሉ። እዚህ አገር የተማሩበት የፌዴራል ብድር ካለብዎት በ501(ሲ)(3) ድርጅት በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሠርተው 120 ብቁ ክፍያ ከፈጸሙ የቀረው ሊሰረዝ ይችላል፤ ይህ በገንዘብ ሲተመን ከደመወዝ ጭማሪ ሊበልጥ ይችላል። ግራንቱ ባይታደስ የሁለት ወር ማሰናበቻ ክፍያ ይጠይቁ፤ አንድ ወር ይሰጡዎታል።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ለመፈረም ቅድመ ሁኔታ የማደርጋቸው ሦስት ናቸው፦ የዘገባ ቀኖቹ፣ የራስዎ አርታኢና የቦርዱ ሰብሳቢ ጉዳይ፤ ሦስቱም በጽሑፍ። ሌላው በድርድር ይሄዳል። የቦርዱን ለመጻፍ ካቅማሙ ሥራውን ይተዉት። የቀሩትን ሁለቱን መስጠት ካልቻሉ ግን ሥራውን ሙሉ በሙሉ አርታኢ ሆነው ይያዙት፤ ምክር ቤቱንና ኪራዩን ለሦስቱ ሪፖርተሮች ያከፋፍሉ፣ «ሪፖርተር» የሚለውንም ቃል ከቅጥር ደብዳቤው ያስወጡት።